ኤግዚቢት ክፍል

ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከደረጃው በታች፣
መስኮት ያልወጣላት አንዲት ክፍል አለች።
ቁልፏ ከወገቤ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤
ሰው ለልጁ ስም ያወጣል፣ የእኔ ሥራ ግን ሌላ ነው፤
ለሽጉጥ ቁጥር አወጣለሁ፤
በካኪ ፖስታ፣ በሲባጎ፣ ጠፍሬ አስተኛለሁ።

ድሮ እንዲህ ነበረ፤
ብረቱ እኔ ዘንድ ሲያድር፣ ፋይሉ ጣቢያ ቀረ፤
ምስክሩ ቤቱ ፈርሶ ወደ ኮዬ ፈጬ ተሻገረ፤
ዐቃቤ ሕጉ በቀጠሮ፣ መርማሪው በዝውውር፣
አንዱ የያዘውን ለአንዱ ሳይነግር፣
"ማስረጃ ጎድሎታል" ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል፤
ተኳሹ ሜክሲኮ አደባባይ ማኪያቶ ያዛል።

የሠንጋ ተራው ልጅ፣ ተራ አስከባሪው ናሁሰናይ፣
"ሰልፍ ያዝ ወንድሜ" ባለ፣ በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣
ሁለት ጥይት ጠጥቶ ወደቀ፣ ከሚኒባሱ ጎማ ሥር፤
ሃያ አምስት ሰው አየ፤ አንድም የለም የሚናገር።
እናቱ እትዬ ዘርፌ፣ ፎቶውን በፌስታል ይዛ፣
ባወጣሁላት ወንበር፣ ከእኔ በር ላይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈዝዛ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ረጅም ጠረጴዛ መጣ፤
በሩ አላሳልፍ ቢለው አንድ እግሩ ተነቅሎ ወጣ።
ዐቃቤ ሕግ ሰብለ፣ ኢንስፔክተር ዋቅጋሪ፣
የጥይት መርማሪው፣ የወረዳው አስተባባሪ፣
ባጋደለ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እኔንም ጠሩኝ፤
"ቀለሃው የት ነው?" ብለው፣ በዐሥራ አንድ ዓመቴ፣ መጀመሪያ ጠየቁኝ።
ሦስት ካርቶን አወረድኩ፤ ሦስት መዝገብ ተዘረጋ፤
የሠንጋ ተራው፣ የካዛንቺሱ፣ የተክለ ሃይማኖቱ አደጋ።
በሦስቱም ላይ አንድ ጭረት። አንድ ብረት፣ ሦስት እጅ፤
ለካ ሲያከራዩት ኖረዋል፣ እንደ ሰርግ ድንኳን፣ ለፈለገ ልጅ።

ሰብለ መጥሪያ ብቻ አልላከችም፤ በእግሯ ወረደች ታክሲ ተራ፤
"የምታውቁትን አትንገሩኝ" አለች፤ ሻይ ጠጣች ከነሱ ጋራ።
በሦስተኛው ቀን አንድ ረዳት፣ ብርጭቆው ላይ እንዳቀረቀረ፣
"አይቻለሁ" አለ። ሌላውም ቀጠለ። ዝምታው ተሰበረ።

ፍርዱ በተነበበ ቀን ዘርፌ አላለቀሰችም፤
ፌስታሏን አጥፋ፣ "ወንበሩን አስገባው" አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ቡድኑ ትምህርት ቤት ይገባል፤
ዋቅጋሪ መለዮውን አውልቆ ከልጆች ዴስክ ይቀመጣል፣
ጉልበቱ አልገባ እያለው።
"ብረት ብታዩ አትንኩት፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ" ይላል። የሚያስተምረው ይኸው ነው።
ዘርፌም መጣች አንድ ቀን፤ ንግግር አላሰማችም፤
የልጇን ፊሽካ ሰጠቻቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፣ አንዱም አፍ ላይ አልጮኸችም።

ልጄ ኤልዳና አራተኛ ክፍል ናት። እዚያው ትማራለች።
በዚያው ማታ፣ እርሳሷን ነክሳ፣ "አባዬ፣ እኛ ቤትስ አለ?" አለች።
"የለም" አልኳት።

የለም።

ቁም ሣጥኑ ላይ፣ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለ፣
ከአባቴ የወረስኩት፣ ዘይት እየጠጣ ያለ፣
"ለክፉ ቀን" ብሎ ሰጠኝ፤ ክፉው ቀን መቼ እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ፤
የሰው ብረት ስቆጥር ኖሬ፣ የራሴ አንዱ ከቁጥር ሳተ።

ሐሙስ ማለዳ፣ ማንም ሳይገባ፣ የክፍሌን መብራት አበራሁ፤
ፖስታውን፣ ሲባጎውን፣ ማኅተሙን እንደ ሁልጊዜው አሰናዳሁ።
የንብረቱ ዓይነት፦ ሽጉጥ። ብዛት፦ አንድ። ጥይት፦ ስድስት።
ያስረከበው፦
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቀለም አልሰጥ አለ። ወዘወዝኩት።

ይከሱኝ ይሆናል። ይገሥጹኝ ይሆናል። አላውቅም።
በገዛ ስሜ ላይ ግን የገዛ ማኅተሜን አላሳርፍም።
የዘርፌን ወንበር አውጥቼ ሰብለ በር ላይ ተቀምጫለሁ፤
ፖስታው ጉልበቴ ላይ ነው። ተራዬን እጠብቃለሁ።